ባለ ሦስት ቀንዱን ስንሻ የጭልጋውን ረሳነው

በግንደወይን ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ስለ ሥነ ምድር ስንወያይ በዋልንበት አንድ ቀን፣ ከኋላ ረድፍ የተቀመጠ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በጋዜጣ የተጠቀለለ ድንጋይ ይዞ ወደ ፊት መጣ። ድንጋዩ ጥቁር፣ ጭብጥ የሚያህል፣ ከመካከሉም ነጭና አብረቅራቂ ነገር ብቅ ያለበት ነበር። “መምህር፣ ይህ የዚያ የባለ ሦስት ቀንዱ ዳይኖሰር ጥርስ ሊሆን ይችላል ወይ?” ሲል ጠየቀን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም፤ እኛም አልሳቅንም። “አይደለም” አልነው፤ ደወሉም በዚያው ተደወለ። ያልነው እውነት ነበር። ይሁን እንጂ ያን ያህል መንገድ ተሸክሞት ለመጣ ድንጋይ አንዲት ቃል ብቻ መመለሳችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲቆጨን ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ የዚያ መልስ ቀሪው ክፍል ነው።

በድንጋዩ እንጀምር። ግንደወይን፣ እንደ ሞጣና እንደ ቢቸና ሁሉ፣ የቆመችው ባዛልት በሚባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ይህ ድንጋይ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ከምድር ስንጥቆች እየፈለቀ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን አምባ ደረጃ በደረጃ የሸፈነ ቅልጥ አለት ነበር። የጮቄ ተራራ ራሱ ከዚህ ትልቅ ፍሰት በኋላ፣ ከዛሬ 22 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ፣ በእሳተ ገሞራ የተቈለለ ነው። ቅልጡ ሲወጣ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይበልጣል። በውስጡ የታመቀው አየር ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ አረፋ አረፋ የመሰለ ቀዳዳ ይተዋል፤ ከረጅም ዘመን በኋላ ከርሰ ምድር ውኃ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ ዚዮላይትና ካልሳይት የተባሉ ነጫጭ ማዕድናትን ያስቀምጥባቸዋል። ተማሪው ጥርስ የመሰለው ይኸው ነው። ኮብልስቶን የሚጠርቡ ወጣቶችም በየቀኑ ያገኙታል። እንዲህ ባለ እሳት ውስጥ አጥንት አይተርፍም። ዕድሜውም ቢሆን አይገጥምም፤ ትሪሴራቶፕስ ከምድረ ገጽ የጠፋው ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት በመሆኑ፣ የግንደወይን ጥቁር ድንጋይ ሲፈስስ እንስሳው ከጠፋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ አልፎት ነበር።

ለመሆኑ ይህ እንስሳ ማን ነበር? ከዛሬ 68 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ዛሬ የሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል በሆነው ምድር የኖረ፣ በአራት እግሩ የሚሄድ፣ ቅጠላ ቅጠል የሚበላ ግዙፍ ዳይኖሰር ነው። ርዝመቱ 8 ሜትርና ከዚያም በላይ፣ ክብደቱ በብዙ ቶን የሚቈጠር ነበር። ከዓይኖቹ በላይ አንድ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሁለት ቀንዶች፣ በአፍንጫው ላይ አንድ አጭር ቀንድ፣ ከጭንቅላቱ ጀርባም እንደ ጋሻ የተዘረጋ ሰፊ አጥንት ነበረው። አፉ እንደ በቀቀን ኩምቢ ያለ ነው፤ ከኋላው የተደረደሩት በመቶ የሚቈጠሩ ጥርሶች ሲያልቁ ከሥር በሌሎች ይተኩ ነበር።

የአሰያየሙ ታሪክ ደግሞ የግንደወይኑን ተማሪ የሚያጽናና ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ዴንቨር ከተማ አጠገብ ሁለት ትልልቅ የቀንድ አጥንቶች ተገኙና፣ በዘመኑ ከታወቁት የቅሪተ አካል ሊቃውንት አንዱ ለነበረው ለኦትኒየል ማርሽ ተላኩለት። ማርሽ አጥንቶቹን አየና የግዙፍ ጎሽ ናቸው ብሎ ፈረደ፤ የጎሽ ስምም አወጣላቸው። ጥቂት ቈይቶ ጆን ቤል ሃቸር የተባለው ሰብሳቢ ከዋዮሚንግ ግዛት የተሟላ የራስ ቅል አስመጣ፤ ማርሽም እ.ኤ.አ. በ1889 “ባለ ሦስት ቀንድ ፊት” የሚል ትርጉም ያለውን የግሪክ ስም ሰጠው። ስሕተቱንም በኋላ አረመ። ታዋቂው ፕሮፌሰር የዳይኖሰርን ቀንድ የጎሽ ካለ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የዚዮላይትን ነጭ ፍሬ ጥርስ ቢል የሚያስቅ ምን አለ? ልዩነቱ ማርሽ ስሕተቱን የሚያርምበት ሁለተኛ አጥንት እጁ መግባቱ ብቻ ነው። የእኛ ልጆች ግን ይህ ሁለተኛ አጥንት አይደርሳቸውም፤ የዚህ ጽሑፍ ዋነኛ ቅሬታም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቀንድ ጥቂት ብንቆይ አንባቢ አይቀየመንም ብለን እናምናለን። የጎጃም ሰው ቀንድን ከመጽሐፍ አይማርም። ዋንጫ የሚሠራ ሰው የበሬውን ቀንድ ወስዶ ሽፋኑን ከውስጡ አጥንት ያላቅቃል፤ ለመጠጫ የሚሆነው ውጫዊው ሽፋን ነው፣ የውስጡ አጥንት ይጣላል። ሽፋኑ ኬራቲን ከሚባል፣ ጥፍርና ፀጉር ከሚሠራበት ንጥረ ነገር የተገነባ ነው። ከመሬት ሲቀበር ኬራቲኑ በስብሶ ይጠፋል፣ አጥንቱ ይቀራል። ስለዚህ በሙዚየም የምናየው የትሪሴራቶፕስ ቀንድ ዋንጫ ሠሪው ከሚጥለው ክፍል ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ዋንጫው ራሱ ጠፍቷል። በሕይወት ሳለ ቀንዱ ከምናየው አጥንት የረዘመ መሆን አለበት ማለት ነው። የአውራሪስ ቀንድ ግን ከዚህ ይለያል፤ እርሱ ከውስጥ አጥንት የሌለው፣ ሙሉ በሙሉ ኬራቲን በመሆኑ፣ እንስሳው ቅሪተ አካል ሲሆን ቀንዱ የነበረበት ሻካራ ቦታ እንጂ ቀንዱ አይገኝም። ቀንዱ ለምን አገለገለ ለሚለው ጥያቄም ቢሆን ሁለት ወይፈኖች በመስክ ሲዋጉ ያየ ሰው ግማሹን መልስ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በትሪሴራቶፕስ የራስ ቅሎች ላይ ያሉትን የቈሰሉና የዳኑ ቦታዎች መርምሮ፣ እንስሳቱ ቀንድ ለቀንድ ተቈላልፈው ይታገሉ ከነበረ ሊደርስ ከሚችለው ጉዳት ጋር የሚስማማ ሆኖ አግኝቶታል።

ታዲያ ከዓባይ ሸለቆ አንድ ቀን ትሪሴራቶፕስ ይወጣ ይሆን? አይወጣም ብለን በድፍረት እንናገራለን። ባለ ቀንዶቹ ዳይኖሰሮች በእስያ ተነሥተው ወደ ሰሜን አሜሪካ የተሻገሩ ወገኖች ናቸው፤ የሁለቱ አህጉሮች ምድር በየጊዜው ይገናኝ ነበር። አፍሪካ ግን በዚያ ዘመን በውኃ ተለይታ ነበር፤ ከአፍሪካ ምድር አከራካሪ ያልሆነ የባለ ቀንድ ዳይኖሰር ቅሪት አልተገኘም። በዚያም ላይ በጎጃም አምባ ሥር ካሉት የደለል ድንጋዮች የላይኛው ተቀምጦ እስኪያበቃና ባዛልቱ እስኪፈስስበት ድረስ ባለው ረጅም ዘመን ምድሪቱ ይበልጡን ስትሸረሸር እንጂ ደለል ስትከማችባት አልነበረም። የትሪሴራቶፕስ ዘመን ገጽ ከመጽሐፋችን ተቀድዷል ማለት ይቻላል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ አገሩ ሁሉ ነገር እንዲኖራት የሚሻ ብዙ ነውና። እኛ ግን የሌለንን አለን ማለት ያለንን ከመርሳት ጋር አብሮ የሚሄድ ልማድ ሆኖ አግኝተነዋል።

ያለንን ለማየት ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን አውቶቡስ መሳፈር ይበቃል። መንገዱ ከግንደወይን በቢቸና አድርጎ ደጀን ይደርሳል፤ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ቁልቁለትና ዳገት ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተሳፋሪው አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል፣ ወይም በጠመዝማዛው ይታመማል፣ ወይም ጸሎት ያደርጋል። በመስኮት የሚያልፈውን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት ነው። ከሥሩ የላይኛው አሸዋ ድንጋይ ይከተላል። ቀጥሎ ገደሉን ሁሉ የሚያነጣው፣ 400 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ይህ በጁራሲክ ዘመን ይህ ምድር ባሕር እንደነበረ የሚመሰክር ነው፣ የባሕር ዛጎሎችም በውስጡ ሞልተዋል። ከዚያ በታች ጂፕሰም ያለበት፣ ስሙንም ከጎሐ ጽዮን የወሰደው ድንጋይ፣ ከዚያም የታችኛው አሸዋ ድንጋይ አለ። እስከ ወንዙ ድረስ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል እንወርዳለን፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ስንደርስ ከመቶ ሚሊዮን ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ተጕዘናል። የዚህን ያህል የምድር ታሪክ በአንድ ከሰዓት በኋላ በመስኮት የሚያሳይ መንገድ በዓለም ላይ ብዙ የለም። ከፊት ለፊቱ ግን አንድም ማብራሪያ ሰሌዳ አላየንም።

ዳይኖሰሮቹስ? በኖራ ድንጋዩና በላይኛው አሸዋ ድንጋይ መካከል በአንዳንድ ቦታ የሚገኝ፣ ሙገር ከሚባለው ወንዝ ስሙን ያገኘ የጭቃ ድንጋይ አለ። ባሕሩ ከሸሸ በኋላ ወንዞች የተኙበት ሜዳ ደለል ነው። ከዓባይ ማዶ በሰሜን ሸዋ፣ በጀማ ወንዝ ሸለቆ፣ ማርክ ጉድዊን የተባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከዚህ ድንጋይ ያገኙትን የአከርካሪ አጥንት ያላቸው እንስሳት ቅሪት እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ አደረጉ። ከመካከላቸው ሥጋ በል የሆነ ዳይኖሰር ጥርስ፣ ዕፅ በል የሆኑ ዳይኖሰሮች ጥርሶች፣ የዔሊ፣ የአዞ፣ የሳንባ ዓሣ ቅሪቶችና የአንዲት ትንሽ አጥቢ እንስሳ ጥርስ ይገኙበታል። ዘመኑ በድንጋዩ ውስጥ ባለው የዕፅዋት ብናኝ ተመርምሮ የጁራሲክ ማብቂያ፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ መሆኑ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሊ ሆል እና ጉድዊን ከዚያው ሸለቆ የተሰበሰቡትን የዳይኖሰር ጥርሶች ለብቻቸው አጥንተው፣ የተለያዩ ወገኖች አብረው ይኖሩ እንደነበር አሳዩ። ጥርሶቹ ትንንሽ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ጥናት በአብዛኛው የሚሠራው ደለሉን በውኃ አርሶ በወንፊት በማጣራት ነው። በፊልም እንደምናየው በአንድ ቀን ከመሬት ብድግ የሚል ሙሉ አፅም የለም።

በዚያው ዘመን መጨረሻ አካባቢ በታንዛኒያ ቴንዳጉሩ በሚባለው ኮረብታ ዛፍ የሚያህል አንገት ያለው ጂራፋታይታንና ጀርባውና ጅራቱ በእሾህ የተሞላው ዕፅ በሉ ኬንትሮሳውረስ ይኖሩ ነበር። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 በመቶ የሚቈጠሩ የአገሬው ሠራተኞች ቀጥረው ቈፈሩና አጥንቱን በርሊን ወሰዱት፤ ታላቁ አፅም ዛሬም የቆመው እዚያው ነው። የታንዛኒያ ተማሪ የአገሩን ዳይኖሰር ለማየት አውሮፓ መሻገር አለበት። የእኛ ተማሪ ደግሞ ምን ማየት እንዳለበት የነገረው የለም። የትኛው እንደሚከፋ አንባቢ ይፍረድ።

አሁን የጽሑፋችን ርእስ ወደሆነው ወደ ጭልጋ እንሂድ። ከጎንደር በስተ ምዕራብ፣ በአይከል ከተማ አካባቢ፣ በባዛልት ፍሰቶች መካከል የተኙ የሐይቅና የወንዝ ደለሎች አሉ። በቅልጡና በቅልጡ መካከል በነበረው የእረፍት ዘመን ደን በቅሎ፣ ረግረግ ተኝቶ፣ ቅጠሉ ተከማችቶ ነበር፤ የጭልጋ የድንጋይ ከሰል የዚያ ዘመን ውርስ ነው። ድንጋይ የሆኑ የዛፍ ግንዶችና የቅጠል ህትመቶችም በዚያ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ጆን ካፕልማን የመሩት፣ ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ ፈሰሃም የተካፈሉበት የተመራማሪዎች ቡድን “ኔቸር” በተባለው መጽሔት ከዚህ ቦታ ያገኛቸውን የ27 ሚሊዮን ዓመት አጥቢ እንስሳት ለዓለም አስተዋወቀ። ከእነርሱ መካከል አንዱ ቀንዳም ነበር።

ስሙ አርሲኖይቴሪየም ነው። ወገኑ አስቀድሞ የታወቀው ከግብፅ ፋዩም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ስሙ የተሰጠውም በዚያ አካባቢ ስሟ በምትዘከረው በንግሥት አርሲኖኤ ነው። የጭልጋው በጥርሱ መጠን ከግብፁ የሚልቅ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2004 “ግዙፉ” የሚል ቅጽል ተጨምሮለት እንደ አዲስ ዝርያ ተመዘገበ። ሲያዩት አውራሪስ ይመስላል። ከአፍንጫው በላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ታላላቅ ቀንዶች፣ ከዓይኖቹ በላይ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ጕጦች አሉት። አውራሪስ ግን አይደለም። ቀንዶቹ አጥንት ናቸው፤ ውስጣቸው ባዶ ሲሆን፣ በላያቸው ላይ ያሉት የደም ሥር ፈለጎች እንደ በሬ ቀንድ በኬራቲን ተሸፍነው እንደነበር ያመለክታሉ። የቅርብ ዘመዶቹ ዝሆን፣ የባሕር ላምና፣ አንባቢ እንዳይስቅ፣ በገደል አፋፍ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ የምናያት ሽኮኮ ናቸው። ሽኮኮዎቹ ራሳቸው በጭልጋ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ከዛሬዎቹ እጅግ የገዘፉ ነበሩ። በስፍራው ስም የተጠራ፣ ጭልጋቴሪየም የተባለ፣ የዝሆን ወገን የሆነ እንስሳም ከዚያው ተገኝቷል። በላቲን የሳይንስ መዝገብ ውስጥ የጭልጋ ስም ተጽፎ መቅረቱን ስንት የጎንደር ተማሪ ያውቃል?

የጭልጋ ግኝት ከቀንዱም በላይ የሚያስተምረው አለው። በዚያ ዘመን አፍሪካና ዐረቢያ አንድ ላይ ሆነው እንደ ታላቅ ደሴት ከሌላው ዓለም ተለይተው ይኖሩ ነበር። በጭልጋ አንበሳ የለም፣ አጋዘን የለም፣ አውራሪስ የለም፤ ያሉት በሙሉ በዚህ ምድር የተፈጠሩት የዝሆንና የሽኮኮ ወገኖች ናቸው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ብቻ ቈይቶ አፍሪካ ከእስያ ጋር ተገናኘች፣ የማዶዎቹም እንስሳት ገቡ። ዝሆኖች ተሻግረው ዓለምን አዳረሱ፤ ባለ ሁለት ቀንዱ አርሲኖይቴሪየም ግን ጠፋ። ለምን እርሱ ጠፋ፣ ዝሆን ለምን ተረፈ? ይህ ገና ክፍት ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሚፈለገው በእኛ አምባ ላይ፣ በባዛልትና በባዛልት መካከል በሚገኙ ደለሎች ውስጥ ነው። ግንደወይን ላይ ትሪሴራቶፕስ አይገኝም ብለናል። በጮቄ ዙሪያ ግን በሁለት ፍሰቶች መካከል ገብቶ የቀረ ደለል የትኛውም ገደል ቢያሳይ አንደነቅም፤ የሚያየው ዐይን ከተዘጋጀ።

ዐይን ይዘጋጃል ወይ ነው ጥያቄው። በየቤቱ ያለው የሕፃናት መጫወቻ፣ በየቪዲዮ ቤቱ ያለው ፊልም፣ ደብተር ላይ የሚለጠፈው ሥዕል ሁሉ የሚያሳየው የአሜሪካንን እንስሳ ነው። በእርግጥ እኛም ወደድነው፣ ልጆቻችንም ይውደዱት። የሚያሳዝነን ያለ ጎረቤት መቅረቡ ነው። በአገራችን የቅሪተ አካል ነገር ሲነሣ ደግሞ ንግግሩ ሁሉ ወደ አፋር ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽና በ2000 በዲኪካ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተገኘችው ሰላም ክብራቸው የሚገባቸው ነው፤ ማንም ሊቀንስባቸው አይችልም። ይሁን እንጂ የሰው ዘር ታሪክ ለእኛ ምድር የመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ ከእርሱ በፊት ያሉትን ሳያነቡ መጨረሻውን ብቻ መሸምደድ ደካማ ተማሪ የሚያደርገው ነገር ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያ፣ የሁለተኛ ደረጃ ሥነ ሕይወትና ጂኦግራፊ መምህራን ስለ ዳይኖሰር ሲያስተምሩ የጀማን ጥርሶችና የጭልጋን ቀንዳም በአንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ ቢጠሩ። ሁለተኛ፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች የአርሲኖይቴሪየምን የራስ ቅል በጀሶ ወይም በፕላስቲክ አስቀርጸው ለሕዝብ ቢያሳዩ። ዋናው አጥንት በአዲስ አበባ በጥንቃቄ መቀመጡ ተገቢ ነው፤ ቅጂው ግን ተጕዞ ልጆቹ ዘንድ መድረስ ይችላል። በርሊን ላይ ለቆመው የታንዛኒያ አፅም የምናዝን ሰዎች ጭልጋ ላይ ለጭልጋ ልጅ ምንም ሳናሳይ መቅረታችን የሚያሳፍር ነው።

ሦስተኛው ጥያቄያችን ጊዜ የማይሰጥ ነው። የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ለሲሚንቶ የሚፈለጉ በመሆናቸው ቅሪተ አካል በሚገኝባቸው የዓባይ ገባር ሸለቆዎች ዙሪያ ታላላቅ ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ በሙገር፣ በደርባ፣ በቅርቡም በሰሜን ሸዋ በለሚ። መንገድም ገደሉን እየቈረጠ ያልፋል። እኛ ሲሚንቶን አንቃወምም፤ የምንጽፍበት ቤትም በሲሚንቶ የታነጸ ነው። እንዲያውም ካባና የመንገድ ቆረጣ ለቅሪተ አካል ፍለጋ ካሉት መልካም አጋጣሚዎች አንዱ ነው፤ ድንጋዩን ትኩስ አድርጎ ይከፍትልናልና። ክፋቱ ዶዘሩ የገለጠውን የሚያይ ሰው አለመኖሩ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በግንባታም ሆነ በማዕድን ሥራ ላይ ሳለ በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ሳያጠፋ ጠብቆ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ደንግጓል። ሕጉ መልካም ነው። ይሁንና የካባ ሠራተኛ ቅሪተ አካል ምን እንደሚመስል ሳያውቅ እንዴት ያሳውቃል? ጥርሱ ከሦስት ሚሊ ሜትር ባይበልጥስ? ግማሽ ቀን የሚፈጅ ትምህርት፣ ጥቂት ናሙናና አንድ የስልክ ቍጥር የያዘ ወረቀት በየካባው ቢለጠፍ ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል? ይህን ሥራ ከእኛ ፋኩልቲ የሚመረቁ ወጣቶች በክረምት ዕረፍታቸው ሊሠሩት ይችላሉ፤ ካልተጠየቁ ግን አይሠሩትም።

የሚሰነዘርብንን ተቃውሞ እናውቀዋለን። ገበሬው ማዳበሪያ ባጣበት፣ ትምህርት ቤቱ ወንበር ባነሰው አገር የሞተ እንስሳ አጥንት ምን ያደርጋል ይባላል። ይህን የሚሉት ቅን ሰዎች ስለሆኑ በቁም ነገር መመለስ አለበት። የጠየቅነው ሙዚየም አይደለም፣ ሕንፃም አይደለም፤ ወንፊት፣ ማስታወሻ ደብተርና አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ደግሞም ድንጋዩን የሚያነብ ሰው ውኃውንም ያነብባል፤ ከአሸዋ ድንጋዩ ሥር የት ምንጭ እንደሚፈልቅ፣ የትኛው ተዳፋት በክረምት እንደሚናድ የሚያውቅ ባለሙያ የሚወጣው ድንጋይ በጋዜጣ ጠቅልሎ ትምህርት ቤት ከሚመጣ ልጅ ነው። ልጁን በክፍል ሳቅ ከመለስነው ባለሙያውንም አጥተነዋል።

ደወሉ ከተደወለ በኋላ ያ ተማሪ በር ላይ ጠብቆን ነበር። “እሺ፣ ታዲያ የት ልቈፍር?” አለን። መቆፈር ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን፣ እርሱ ግን መቆፈር እንደማያስፈልገው ነገርነው፤ ከክረምት በኋላ ጎርፍ ያጠበውን ጥግ፣ በሁለት ጥቁር ድንጋዮች መካከል ቀለሙ የተለየ፣ በቀላሉ የሚፈረፈር ንብርብር ካየ ዐይኑን እንዲጥልበት፣ ቅጠል የመሰለ ህትመት ወይም ከሰል ካገኘ ሳያነሣ ቦታውን እንዲጽፍ። ነጭ ፍሬ ያለውንም ድንጋዩን መለስንለት። ብዕር ተበደረና በጋዜጣው ጠርዝ ላይ “ባዛልት፣ ዚዮላይት ያለበት” ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ያነሣበትን ወንዝ ስምና ቀኑን አከለበት።